የልጅ ልጅዎ «ይሄን ይግዙልኝ» ሲልዎት፦ የቤዝቦል መለማመጃ ዕቃዎች የሚረዱትና የማይረዱት

እንበልና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጥሎ በቀጥታ ወደ አያቱ ይመጣል። ስልኩን ያሳያቸዋል። ስልኩ ላይ አንድ ሰው ኳስ እየመታ አንድ ዕቃ ያስተዋውቃል። «አባባ፣ ይሄን ከገዙልኝ ኳሷን መሳት አቆማለሁ» ይላል ልጁ። አያቱ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ አያውቁትም። የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ ልጁ ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ቆሞ ሦስቱንም ጊዜ ሳይመታ እንደተመለሰና ያን ማታ እራት አልበላም እንዳለ ነው። ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ ዝም ይላሉ። እምቢ ቢሉ የልጁን ተስፋ የሚቆርጡ ይመስላቸዋል፤ እሺ ቢሉ ገንዘቡ የሚወጣው ከጡረታቸው ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አያት ምን ብሎ ይመልስ? ለመልሱ የጨዋታውን ደንብ ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዱላው ኳሱን እንዴት እንደሚመታ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የትኛውን ስሕተት ለማረም እንደተሠራ፣ የልጅዎ ስሕተት ደግሞ የትኛው እንደሆነ።

ትንሽ ስፖርት፣ ግን ስም ያወጣ

ቤዝቦል በእስራኤል ከእግር ኳስና ከቅርጫት ኳስ ጋር ሲተያይ ትንሽ ስፖርት ነው። የእስራኤል ቤዝቦል ማኅበር የተመሠረተው በ1986 ነው። በ2007 ስድስት ቡድኖች ያሉት ደመወዝ የሚከፍል ሊግ ተቋቁሞ ነበር፤ ከጨዋታዎቹም ከፊሎቹ ከፔታ ቲክቫ አጠገብ ባለው ሜዳ ይካሄዱ ነበር። ዋንጫውን የቤት ሼሜሽ ቡድን ወሰደ፤ ሊጉ ግን ከዚያ ከአንዱ ክረምት አላለፈም።

ብሔራዊ ቡድኑ ግን ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ሠራ። በ2017 በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ደቡብ ኮሪያን፣ ታይዋንን፣ ሆላንድንና ኩባን በተከታታይ አሸነፈ። በ2021 ደግሞ በቶክዮ ኦሎምፒክ ከተሳተፉት ስድስት ቡድኖች አንዱ ሆነ፤ ሜክሲኮን 12 ለ 5 አሸንፎ አምስተኛ ወጣ። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ አይሁዶች ነበሩ። እዚህ የተወለደ ልጅ እዚያ ደረጃ ለመድረስ ከፈለገ መሠረቱን በልጅነቱ መያዝ አለበት። ታዲያ የመሠረቱ መጀመሪያ ዱላ አሰነዛዘር ነው።

ዐይን ጨፍኖ እንደመግለጥ

በአዋቂዎች ጨዋታ ኳስ ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። ኳሱን በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከወረወረው ለመቺው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ 0.4 ሰከንድ ያህል ነው። መቺው በዚህች ቅጽበት ኳሱን ማየት፣ ልምታው ወይስ ልተወው ብሎ መወሰን፣ ከዚያም ዱላውን ማዞር አለበት። ዱላው ክብ ነው፤ ውፍረቱ ቢበዛ 6.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱም ክብ ነው። ሁለት ክብ ነገሮች በፍጥነት ሲገናኙ ትንሽ መዛነፍ ኳሱን ወደ ሰማይ ወይም ወደ እግር ሥር ይልከዋል።

በዚህ ምክንያት ነው በዚህ ጨዋታ ከ10 ጊዜ ሦስቱን በደንብ የመታ ሰው ጎበዝ የሚባለው። ቴድ ዊልያምስ የሚባለው አሜሪካዊ በ1941 ከ10 ጊዜ ከአራት በጥቂት የበለጠ መታ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ሊጎች ሙሉውን የውድድር ዘመን ያን ያህል የመታ የለም። እንግዲህ ልጅዎ ሦስት ጊዜ ቆሞ ሦስቱንም ቢስት የጨዋታው ጠባይ ነው እንጂ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከማንኛውም ዕቃ በፊት ልጁ ይህን ከሚያከብረው ሰው አፍ ቢሰማ ይጠቅመዋል።

ሴት ልጆች በብዛት የሚጫወቱት ሶፍትቦል ይባላል። ስሙ «ለስላሳ ኳስ» ማለት ቢሆንም ኳሱ ለስላሳ አይደለም። ከቤዝቦሉ ኳስ ይተልቃል፤ ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቤዝቦሉ 23 ያህል ነው። ወርዋሪዋ እጇን ከታች ወደ ላይ አዙራ ነው የምትወረውረው፤ ርቀቱም በአዋቂዎቹ ጨዋታ 13.11 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተወረወረ የሶፍትቦል ኳስ እንደዚያው በ0.4 ሰከንድ ያህል ይደርሳል። «የሴቶቹ ይቀላል» የሚል ሰው ካለ አንድ ጊዜ ቆሞ ይሞክረው።

ኃይሉ የሚነሣው ከመሬት ነው

በአገር ቤት በሬ ጠምዶ ጅራፍ ያጮኸ ሰው የዚህን ጨዋታ ምስጢር ግማሹን ያውቀዋል። ጅራፍ ሲጮህ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጀታው ነው፤ ጫፉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉም የሚፈጥነው ግን ጫፉ ነው። የቤዝቦል ዱላም እንዲሁ ነው። መቺው እግሮቹን ከትከሻው ስፋት ትንሽ አስፍቶ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቆማል። ኳሱ ሊወረወር ሲል ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ ይወስዳል። ከዚያ በፊት እግሩ አጭር እርምጃ ይራመዳል፤ እግሩ መሬት ሲይዝ ዳሌው መዞር ይጀምራል። ዳሌው ደረቱን ይጎትታል፣ ደረቱ ትከሻውን፣ ትከሻው ክንዱን፤ ዱላው መጨረሻ ይመጣል።

የጀማሪ ልጆች ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው፣ በእጅ ብቻ መምታት ነው። እግርና ዳሌ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ክንድ ብቻውን ይለፋል። ጅራፉን ከጫፉ ይዞ ለማጮህ እንደመሞከር ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ እጅን ከሰውነት አርቆ ዱላውን በሰፊው ማዞር ነው። መንገዱ ረጅም ስለሚሆን ዱላው ኳሱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛው፣ ራስን ማዞር ነው። ልጁ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ስለሚቸኩል ገና ሳይመታው ቀና ይላል፤ ራሱ ሲዞር ትከሻው ይከተላል፣ ዱላውም ከመስመሩ ይወጣል።

አራተኛው፣ ቁልቁል መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ አያቶችም መጠንቀቅ አለባቸው። እንጨት የፈለጠ ሰው ጉልበት ከእግርና ከወገብ እንደሚመጣ ያውቃል፣ እሱ ትክክል ነው። አቅጣጫው ግን ይለያል። ኳሱ ከጉብታው ላይ ተነሥቶ ቁልቁል እየመጣ ስለሆነ እንደ መጥረቢያ ወደ ታች የሚወርድ ዱላ ኳሱን የሚያገኘው አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ቴድ ዊልያምስ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ዱላው ኳሱን ሲያገኝ በጥቂቱ ወደ ላይ እየወጣ መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል፤ እንዲህ ሲሆን ዱላው በኳሱ መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ዛሬ አብዛኞቹ አሠልጣኞች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

ዕቃዎቹ፣ አንድ በአንድ

የመለማመጃ ዕቃ ጥቅሙ አንድ ነው፦ ልጁ በዐይኑ የማያየውን ስሕተት በሰውነቱ እንዲሰማው ማድረግ። ዕቃው ምን እንደሚያሰማ ካልታወቀ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው የሚሆነው።

*ኳስ ማስቀመጫው።* ልጆቹ «ቲ» ይሉታል። ከመሬት የሚቆም ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ ኳስ ይቀመጥበታል። ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ጠቃሚው ይህ ነው። ኳሱ ስለማይንቀሳቀስ ልጁ ሐሳቡን በሙሉ ሰውነቱ ላይ ያደርጋል። ታላላቆቹም አይንቁትም። ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈርመው በ1947 የትልልቆቹን ሊጎች በር ለጥቁሮች ያስከፈቱት ብራንች ሪኪ፣ በፍሎሪዳ ቬሮ ቢች በነበረው የብሩክሊን ዶጀርስ ካምፕ ተጫዋቾቻቸውን በዚሁ ዘንግ ያሠለጥኑ ነበር።

ስሕተቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ብዙ ልጆች ዘንጉን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ መሐል ላይ አቁመው ሃምሳ ጊዜ ይመታሉ። በጨዋታ ላይ ግን ኳሱ አንድ ቦታ አይመጣም። ወደ ልጁ ሰውነት ቀረብ ብሎ ለሚመጣ ኳስ ዘንጉ ወደ ፊት፣ ወደ ወርዋሪው አቅጣጫ ይቀመጣል፤ ከሰውነቱ ራቅ ብሎ ለሚመጣው ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከፍታውም ከጉልበት እስከ ደረት ይቀያየራል። ልጁ ኳሱን ከመታ በኋላ ዐይኑ ባዶው ዘንግ ላይ ለአፍታ መቆየት አለበት። ይህች ትንሽ ነገር ሦስተኛውን ስሕተት፣ ራስን ማዞርን፣ ታርማለች።

*ፎጣው ወይም ትንሿ ኳስ።* ገበያ ላይ በክንዶች መካከል የሚያዙ ኳሶችና ክንድን ከደረት ጋር የሚያያይዙ ማሰሪያዎች ይሸጣሉ። ሥራቸው አንድ ነው፦ ልጁ እጁን ከሰውነቱ ሲያርቅ ኳሱ ቀድሞ ይወድቃል፣ ወይም ማሰሪያው ይጎትተዋል። በፊተኛው ክንድ ብብት ሥር የተያዘ ተራ ፎጣም ይህንኑ ይነግረዋል። ዱላው ገና መዞር ሳይጀምር ፎጣው ከወደቀ ስሕተቱ ሁለተኛው ነው።

*የላስቲክ ገመዱ።* ወገብ ላይ ታስሮ ጫፉ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ ይያያዛል። ልጁ ዳሌውን ሲያዞር ገመዱ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ስለዚህ ዳሌው መሥራት አለመሥራቱ ይሰማዋል። የመጀመሪያው ስሕተት ላለበት ልጅ ጥሩ ነው፤ ለሌላው ብዙም አይጠቅምም።

*ከባዱ ዱላና ቀለበቱ።* ተጫዋቾች ከመምታታቸው በፊት ዱላቸው ላይ ክብ ብረት አጥልቀው ሲያወዛውዙ በቴሌቪዥን ይታያሉ። ቅርጹ እንደ ብስኩት ስለሆነ «ዶናት» ይባላል። ይህን ቀለበት በ1960ዎቹ ያስፋፋው የኒው ዮርክ ያንኪስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ኤልስተን ሃዋርድ ነው። ቀለበቱ ሲወልቅ ዱላው ቀላል፣ እጅም ፈጣን የሆነ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም። በ2002 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው ከባዱን ዱላ ካወዛወዙ በኋላ ተጫዋቾቹ ፈጠንን ብለው ሲያስቡ፣ የመጀመሪያው ምታቸው ሲለካ ግን ቀርፎ ተገኝቷል። ስሜት ይዋሻል ማለት ነው። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ከአቅሙ በላይ የሆነ ዱላ የእጅ አንጓውንና ወገቡን ሊጎዳ ይችላል፤ አሰነዛዘሩንም ያበላሻል። ዱላው ለልጁ መክበዱን ማወቅ ቀላል ነው፦ ልጁ በአንድ እጁ ወደ ጎን ዘርግቶ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ካቃተው ከብዶታል።

*ቀዳዳ ያላቸው የፕላስቲክ ኳሶች።* ከእነዚህ የታወቀውን ዓይነት በ1953 በአሜሪካ ኮኔክቲከት የሠራው አንድ አባት ነው፤ የሠራውም ለልጁ ነው። ቀላል ስለሆኑ መስኮት አይሰብሩም፣ ሩቅም አይሄዱም። በሕንፃ ጀርባ ባለች ትንሽ ቦታ ለመለማመድ ይመቻሉ። በቀጭን ዘንግ ሲመቱ ደግሞ ዐይንን ያሠለጥናሉ።

*የመወርወሪያ ማሽኑ።* በ1897 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መምህር ቻርልስ ሂንተን በባሩድ ኳስ የሚተኩስ ማሽን ሠርቶ ነበር። የዛሬዎቹ በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። ፈጣን ኳስ ለመልመድ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ማሽን ክንድ የለውም። በጨዋታ ላይ መቺው ኳሱ ከመለቀቁ በፊት የወርዋሪውን ትከሻና እጅ እያየ ይዘጋጃል። ከማሽን ጋር ብቻ የተለማመደ ልጅ ይህን ማየት አይማርም። ለማንኛውም ማሽኑ የቡድን ዕቃ ነው፤ ቤተሰብ የሚገዛው አይደለም።

*ስልኩና መለኪያው።* ዱላው እጀታ ጫፍ ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ መለኪያዎች አሉ። የዱላውን ፍጥነትና አቅጣጫ በቁጥር ወደ ስልክ ይልካሉ። ቁጥሩን የሚያነብ አሠልጣኝ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን ልጁ ቁጥሩን ለማሳደግ ብቻ ዱላውን በኃይል መወርወር ይጀምራል። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ግን በነፃ ቪዲዮ ይቀርጻል። የሳን ዲዬጎው ቶኒ ግዊን ከ1983 ጀምሮ የራሱን ምት በቪዲዮ እያየ ይታረም ነበር፤ ያን ጊዜ ቪዲዮ ማየት በተጫዋቾች ዘንድ ገና አልተለመደም። ስምንት ጊዜ የሊጉ ምርጥ መቺ ሆኖ ጨረሰ።

በመጥረጊያ እንጨት የጀመሩት

ልጁ «ዕቃው ከሌለኝ አልችልም» ካለ የሚነገረው ታሪክ አለ። ሃንክ አሮን በ1934 በአሜሪካ አላባማ፣ ሞቢል ከተማ ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደ። ዱላና ኳስ መግዣ ስላልነበራቸው የጠርሙስ ክዳን እያስወረወረ በእንጨት ይመታ ነበር። ዱላ አያያዙን እንኳ ያሳየው ሰው ስላልነበረ ለዓመታት እጆቹን አዛውሮ፣ የላይኛውን ከታች አድርጎ ነበር የሚይዘው። ያ ልጅ በ1974 የቤብ ሩትን የ714 ሆምራን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ጥቁር በመሆኑ ብቻ የግድያ ዛቻ ደብዳቤ እየደረሰው ማለት ነው። በጠቅላላው 755 መትቶ ጨረሰ።

የሶፍትቦልም አጀማመር እንዲሁ ነው። በ1887 በቺካጎ አንድ ክበብ ውስጥ ወጣቶች የቦክስ ጓንት ጠቅልለው አስረው ኳስ አደረጉት፤ ዱላቸው የመጥረጊያ እንጨት ነበር።

ይህ ማለት ዕቃ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የጠርሙስ ክዳንም እኮ መለማመጃ ዕቃ ነው። ትንሽ ስለሆነች፣ በአየር ላይም ስለምትዋልል፣ እሷን የለመደ ዐይን ትልቁን ኳስ ለማየት አይቸገርም።

ብዙ ከመምታት አቀያይሮ መምታት

ስለ ልምምድ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፤ የታተመው በ1994 ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች በሁለት ቡድን ተከፍለው ለስድስት ሳምንት ተጨማሪ ልምምድ አደረጉ። የሁለቱም የኳስ ብዛት እኩል ነበር፤ የሚወረወሩላቸውም ሦስት ዓይነት ኳሶች ነበሩ። አንደኛው ቡድን አንዱን ዓይነት 15 ጊዜ ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለተኛው ቡድን ግን ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ሳያውቅ በድብልቅ ይመታል። በመጨረሻ ሲፈተኑ የመጀመሪያው ቡድን መሻሻሉ 25 በመቶ ያህል ሲሆን የሁለተኛው ከ55 በመቶ አለፈ።

ትምህርቱ ለቤት ልምምድም ይሠራል። ልጁ ሃምሳ ጊዜ አንድ ዓይነት ከመምታት ሃያ አምስት ጊዜ እያቀያየረ ቢመታ ይሻለዋል። ድብልቁ በልምምድ ላይ ብዙ ያስታል፣ ልጁም ሊናደድ ይችላል። ነገር ግን ጨዋታውን የሚመስለው ድብልቁ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል እዚህ ጋር ቦታውን ያገኛል።

ከመክፈል በፊት አራት ጥያቄ

ልጁ ስልኩን ይዞ ሲመጣ አያቱ እምቢ ወይም እሺ ከማለታቸው በፊት እንዲህ ብለው ይጠይቁ።

«የአንተ ስሕተት የትኛው ነው? አሠልጣኝህስ ምን አለህ?» ልጁ መመለስ ካልቻለ መጀመሪያ አሠልጣኙን ጠይቆ ይምጣ።

«ይሄ ዕቃ ያንን ስሕተት እንዴት ያሳይሃል?» ሻጩ «ሁሉንም ያስተካክላል» ካለ አንዱንም አያስተካክልም ማለት ነው።

«ቤት ውስጥ ባለ ነገር ልንሠራው አንችልም?» ፎጣ፣ የመጥረጊያ እንጨት፣ አሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ የተሠራ ኳስ፣ ስልክ። ብዙውን ጊዜ መልሱ «እንችላለን» ነው።

«ቡድኑ የለውም ወይ?» ቲ፣ መረብና ማሽን የሁግ ወይም የማትናስ ዕቃዎች ናቸው፤ አሠልጣኙን ጠይቆ መዋስ ነውር የለውም።

ከእነዚህ በኋላም የሚገዛ ነገር ካለ ቅድሚያውን ቲ እና መከላከያ ቆብ ይውሰዱ። ቆቡ የጌጥ አይደለም። በ1920 ሬይ ቻፕማን የተባለ ተጫዋች የተወረወረ ኳስ ራሱን መትቶት ሞቷል፤ ያን ጊዜ ተጫዋቾች ቆብ አያደርጉም ነበር። በልምምድም ጊዜ ዱላ ከእጅ ሊያመልጥ ስለሚችል ማንም ሰው ከመቺው ፊት ለፊትም ሆነ በዱላው መድረሻ ውስጥ መቆም የለበትም። ልጁ ትከሻዬን፣ አንጓዬን ወይም ወገቤን አመመኝ ካለ ልምምዱ ያን ቀን ይቆማል፤ ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ይየው።

ኳስ የሚያስቀምጠው ሰው

በ1930ዎቹ የዲትሮይቱ አይሁዳዊ ሃንክ ግሪንበርግ በአሜሪካ ትልቅ ስም ነበረው። ብዙዎች የሚያስታውሱት በ1934 ቡድኑ ለዋንጫ ሲፎካከር የዮም ኪፑርን ዕለት አልጫወትም ብሎ ምኵራብ በመሄዱ ነው። በ1938 ደግሞ 58 ሆምራን መታ። በተፈጥሮው ቀልጣፋ የሚባል አልነበረም። ከጨዋታ በፊትና በኋላ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየለመነ ኳስ ያስወረውርና ያስለቅም ነበር። ለእሱ ትልቁ የመለማመጃ ዕቃ ሌላ ሰው ነበር።

ለልጅ ልጅዎም ይኸው ነው። ቲ ላይ ኳስ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልገዋል፤ ብቻውን ሲሆን ይሰለቸዋል፣ ይቸኩላል፣ ቦታውንም አይቀያይርም። ኳሱን ማስቀመጥ ደግሞ ዕድሜ አይከለክልም። ወንበር ይዞ ከመረቡ አጠገብ፣ ዱላው ከማይደርስበት ጎን መቀመጥ ነው። ልጁ ዱላውን ሲያወርድ ብቻ ተነሥቶ ኳስ ማስቀመጥ፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ።

ሲመታ ደግሞ ኳሱን አይከተሉት፤ ልጁ ራሱ ይከተለዋል። እርስዎ እግሩን ይዩ። የኋላ እግሩ ተረከዝ ከመሬት ተነሥቶ ከዞረ ዳሌው ሠርቷል። መሬት ላይ ተጣብቆ ከቀረ በእጁ ብቻ ነው የመታው። ቀጥሎ ራሱን ይዩ፦ ኳሱን ሲመታ ዐይኑ ዘንጉ ላይ ነው ወይስ ቀድሞ ሸሽቷል? እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማየት ቤዝቦል ማወቅ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ይበቃል። የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎች ልጆች ሙያውን የለመዱት አባታቸው አጠገብ ቆመው በማየት ነው፤ እጅን ማየት፣ አቋቋምን ማየት የቆየ ትምህርት ነው።

በብዙ ቤት አያት በአማርኛ፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ እያወሩ መሐል ላይ ይተላለፋሉ። እዚህ ሥራ ላይ ግን የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ «እግርህ»፣ «ራስህ»፣ «ድገመው»። ልጁ ሦስቱን ቃላት በአንድ ሳምንት ይለምዳቸዋል። አያቱም «ቲ» ማለትን ይለምዳሉ።

ስለዚህ ልጁ ስልኩን ይዞ ሲመጣ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ መመለስ ግድ አይደለም። «ፎጣና መጥረጊያውን ይዘህ ና፣ ወደ ሜዳው እንውረድ፤ መጀመሪያ እግርህን ልየው» ማለት ይቻላል። ዕቃው ከዚያ በኋላ ካስፈለገም ምን እንደሚገዛ ሁለቱም ያውቃሉ።